ለልጄ፣ ሁለተኛው ማማ ከመቆሙ በፊት

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ያው ነው።

አጎትሽ ትናንት ደውሎ ሁለተኛውን የነዳጅ ቁፋሮ ማማ ልታቆሚ መሆኑን ሲነግረኝ እልል አልኩ። ቀጠለና ሠራተኞቹን “በግል ተቋራጭነት” እያስፈረምሽ እንደሆነ፣ የሠራተኞቹ የጉዳት ኢንሹራንስም “የመጀመሪያው ክፍያ ሲገባ ይገባል” እንደተባለ ነገረኝ። እልልታዬ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። የመድን ውሉ ሳይጸና አንድም ሰው ማማው ሥር እንዳታሰማሪ።

የአባትሽን እጅ ታውቂዋለሽ። ፎቶ ሲነሳ ለምን ኪሱ ውስጥ እንደሚከተው ግን የነገረሽ አይመስለኝም። ያኔ ቧንቧ ከቧንቧ ጋር የሚያያዘው በሰንሰለት ነበር። ሰንሰለቱን ይጠመጥሙበታል፣ ማሽኑ ሲስበው ቧንቧው እየተሽከረከረ ይገባል። ጣት መሐል ከገባ አለቀ። ሦስቱ ጣቶቹ እዚያው ቀሩ። ገና ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ ከአሠሪው ደብዳቤ መጣ፤ “ተቋራጭ እንጂ ሠራተኛችን አይደለም” ይላል። የመግቢያ ሰዓቱን የሚቆጣጠር፣ ቱታና ቆብ የሚሰጥ፣ እዚህ ቁም እዚያ ሂድ የሚል ማን ነበር ታዲያ? አንቺን አዝዬ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተትኩ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ገንዘቡ አይደለም። አባትሽ እስኪሞት ድረስ “ጥፋቱ የእኔ ነው” እንዳለ መሄዱ ነው።

ይህ ኢንሹራንስ እኮ ማን አጠፋ ብሎ አይጠይቅም። ሰው በሥራው ላይ ከተጎዳ ያሳክመዋል፣ ከደመወዙ ድርሻ ይሰጠዋል፣ ከሞተም ለቤተሰቡ ይከፍላል። በምላሹ አሠሪው በብዙ አገር ከቸልተኝነት ክስ ይጠበቃል። ኢንሹራንስ ያልገባ አሠሪ ግን ብዙ ጊዜ ያንንም ከለላ ያጣል።

“የጉድጓዱ ባለቤት ትልቅ ኩባንያ ነው፣ እሱ ይሸፍናል” እንዳትዪኝ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ ዲፕዋተር ሆራይዘን የሚባለው የባሕር ላይ ቁፋሮ ማማ ሲፈነዳ 11 ሰዎች ሞቱ። ጉድጓዱ የነዳጅ ኩባንያው የቢፒ ነበር፤ ከሟቾቹ ግን አንድም የቢፒ ሠራተኛ አልነበረም። ዘጠኙ የማማው ባለቤት የትራንስኦሽን፣ ሁለቱ የሌላ አገልግሎት ሰጪ ድርጅት ሠራተኞች ነበሩ። አንቺም የማማው ባለቤት ነሽ እንጂ የጉድጓዱ አይደለሽም። ሰዎቹ ያንቺ ናቸው።

አረቦኑ፣ ለመድን ሰጪው የምትከፍዪው ገንዘብ፣ እንደሚከብድ አላጣሁትም። በደመወዝ ልክና በሥራው አደገኛነት ስለሚሰላ ለቁፋሮ ሠራተኛ የሚከፈለው ለጸሐፊ ከሚከፈለው ጋር አይገናኝም። ብለሽ ብለሽ ማማ ላይ የሚወጣውን ጸሐፊ ብለሽ እንዳታስመዘግቢ! ዓመቱ ሲያልቅ የደመወዝ መዝገብሽን መርምረው ልዩነቱን ያስከፍሉሻል። ንዑስ ተቋራጭ የመድን ማስረጃ ሲያመጣም ወረቀቱን አይተሽ አትመኚ፤ መድን ሰጪው ዘንድ ራስሽ ደውለሽ አረጋግጪ። የጉዳት ታሪክሽ ሲከፋ አረቦኑ ይጨምራል፤ እሱን ፈርተሽ ግን የሰው ቁስል አታስደብቂ። ትንሽም ብትሆን በዕለቱ አሳውቂ።

አንቺም ራስሽ ተጠንቀቂ። ያ ከጉድጓድ የሚወጣው፣ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው መርዛማ ጋዝ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ብለሽ እንዳትጠጊ። የጋዝ መለኪያውን ከደረትሽ አታውልቂ። መነጽርሽንም ቀይሪ፣ ተጫጭሯል።

ድፍረትሽ የአባትሽ ነው፤ ሳይሽ ደስ ይለኛል፣ እፈራልሻለሁም። ውሉን ስትፈርሚ የሚጸናበት ቀን ያለበትን ገጽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። እሱን ሳላይ፣ ደግሜ እልሻለሁ፣ አንድም ሰው ማማው ሥር እንዳታሰማሪ።

እናትሽ