ቅዳሜ የስኖውሞቢል ፍሪሲዮን እናድሳለን

ሰላም የሚኒሶታ አባላት፣

በረዶው ሳይጥል የስኖውሞቢሎቻችንን (በበረዶ ላይ የሚነዱ ሞተሮቻችንን) ፍሪሲዮኖች ፈትተን የምናድስበት ቀን መጪው ቅዳሜ ነው፤ ሴንት ፖል በተለመደው ጋራዥ፣ በአሜሪካ አቆጣጠር ከጠዋቱ 10 ሰዓት ጀምሮ።

አዲስ ቺንጋ፣ መከላከያ መነጽርና የአቧራ ጭምብል ያዙ። አደራ፣ የፊተኛውን (ሞተሩ ላይ የተገጠመውን) ፍሪሲዮን ክዳን ማንም ቤቱ ብቻውን እንዳይፈታ! ውስጡ ያለው ሞላ ታምቆ ስለሚቀመጥ ሰው ይጎዳል፤ ብሎኖቹን በየተራ ጥቂት በጥቂት እናላላለን። ክዳኑና አካሉ የሚገጥሙበትን ቦታም አስቀድመን ምልክት እናደርጋለን፤ ከተዛባ ባላንሱ ይጠፋል። ቺንጋው የሚያርፍበት ፊት ግራሶም ዘይትም አይነካውም። ያለቀ ቡሽንግና ሮለር (ፍሪሲዮኑ ውስጥ ያሉ በፍትጊያ የሚያልቁ ትንንሽ ክፍሎች) እዚያው እንቀይራለን።

የፍሪሲዮን መንቀያውም መለዋወጫውም እንደየሞዴሉ ስለሚለያይ፣ የምትመጡ የስኖውሞቢላችሁን ሞዴልና የተሠራበትን ዓመት እስከ ማክሰኞ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ።