ሮኮ ግራናታን የት አደረጋችሁት?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስለነበረው የአውሮፓ ፖፕ ሙዚቃ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ፓሪስና ለንደን በደንብ ተነስተዋል። የቤልጂየም የከሰል ማዕድን ሰፈሮችስ? ከዚያ የወጣውን ዘፋኝ ሮኮ ግራናታን መዝለል ትንሽ ከበድ ይላል።

ሮኮ በ1938 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በደቡብ ጣሊያን፣ ካላብሪያ ተወለደ። በ1946 ጣሊያንና ቤልጂየም ተዋዋሉ፤ ጣሊያን ሠራተኛ ልትልክ፣ ቤልጂየም ከሰል ልትሸጥላት። አባቱም ለማዕድን ሥራ ሄዱ። ልጁ በ10 ዓመቱ ቤልጂየም ገባ። ጉድጓድ መውረድ ቀልድ አልነበረም። በነሐሴ 1956 በቤልጂየም ማርሲኔል የከሰል ማዕድን ውስጥ በተነሳው ቃጠሎ ከሞቱት 262 ሰዎች 136ቱ ጣሊያናውያን ነበሩ። ሮኮ ግን ጋራዥ ገባ። መኪና እየጠገነ፣ በጎን አኮርዲዮኑን አንግቶ ጭፈራ ቤት ይጫወት ነበር።

በ1959 አሳታሚ ሲያጣ ከኪሱ ከፍሎ ሸክላ አሳተመ። ፊቱ ላይ «ማኑዌላ»፣ ጀርባው ላይ «ማሪና»። ሕዝቡ ሸክላውን ገልብጦ ጀርባውን ወደደለት! («ማሪና» የሚለውን ስም ያገኘው ከሲጋራ ማስታወቂያ ነው ይባላል።) «ማሪና» በቤልጂየምና በጀርመን አንደኛ ወጣች፤ አሜሪካም ተሻገረች።

እኔን የሚገርመኝ ቋንቋው ነው። ጣሊያናዊ ስደተኛ በሚናቅበት ዘመን፣ ጣሊያንኛ የማይገባው ሁሉ በጣሊያንኛ አብሮት ያዜም ነበር።

«የአንድ ዘፈን ሰው ነው» የሚሉ አይጠፉም። እኔ አልስማማም። በኋላ ራሱ አሳታሚ ሆኖ የሌሎች ቤልጂየማውያንን ሸክላ አውጥቷል። በሚቀጥለው እትም አንድ ዓምድ ብትሰጡት ምን ይመስላችኋል?

የዘወትር አንባቢያችሁ