የእርሻ መሬት ወደ ከተማ ሲገባ ምን ምን ይቆጠር?

ውድ አባላት፣

የከተማ ማስፋፊያ ፕላን ስንገመግም የእርሻ መሬትን በምርቱ ብቻ አንለካው። ከኩንታሉ ሌላ ብዙ ሥራ ይሠራል።

ውሃውን እንይ። በ1 ሄክታር ላይ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ጣለ ማለት 500,000 ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። ጤነኛ፣ ልል አፈር ብዙውን ይመጠዋል፤ ቀስ እያለም ወደ ከርሰ ምድር ያሰርገዋል። አስፋልትና ጣሪያ ግን አብዛኛውን ወዲያው ወደ ቦዩ ይለቁታል። ጎርፉን የሚቀበለው ታች ያለው ሰፈር ነው። ስለዚህ በግምገማው የታችኞቹ ነዋሪዎችም ይቆጠሩ።

አበባ የሚያዳቅሉ ንቦች፣ በአፈር ውስጥ የተከማቸ ካርቦን፣ ሙቀትን የሚያበርድ አረንጓዴ ሽፋንም አሉ።

አንድ ነገር አደራ። ለሁሉም ሄክታር አንድ አማካይ ዋጋ የሚሰጥ ሰንጠረዥ አትቀበሉ። ወንዝ ዳር ያለ ማሳና ተዳፋት ላይ ያለ ማሳ ሥራቸው ለየቅል ነው። ሁለት ሦስት የማስፋፊያ አማራጮች በካርታ ተነጻጽረው ይቅረቡ። አንዱ አማራጭ ከተማው ውስጥ ያለውን ባዶ ቦታ አስቀድሞ መጠቀም ይሁን። ገበሬዎቹም ካርታው ሳይጸድቅ ይጠየቁ፤ ውሃ የሚተኛበትን ቦታ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

አስተያየታችሁን ከቀጣዩ ስብሰባ በፊት ላኩልን።