አሮጊት ድመት ስትከሳ "እድሜ ነው" ብላችሁ አትለፏት

ሰላም የጋዜጣው አዘጋጆች፣ ስለ ድመት ደግሞ ምን ደብዳቤ ይጻፋል እንዳትሉኝ። ድመት ስታረጅ ሰው የሚላት ሁለት ነገር ብቻ ነው፣ ከከሳች "አርጅታ እኮ ነው"፣ ከወፈረች ደግሞ "ተመችቷት ነው"። ሁለቱም ያናድደኛል፣ የመጀመሪያው ግን ይብሳል።

እርግጥ ድመት በመካከለኛ እድሜዋ መወፈር ይቀናታል፣ ከ11 ከ12 ዓመት በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል፣ አንዳንዶቹ ስብና ፕሮቲኑን እንደ ድሮው መፍጨት ስለሚያቅታቸው ያንኑ እየበሉ ይቀንሳሉ። ችግሩ በዚሁ እድሜ የሚመጡት በሽታዎችም መጀመሪያ የሚታዩት በመክሳት ነው። ታይሮይድ የሚባለው እጢ ከልክ በላይ ሲሠራ ድመቷ ከበፊቱ የበለጠ እየበላች ሌሊት እየጮኸች እረፍት እያጣች ነው የምትከሳው፣ ሰው ግን "ጎበዝ፣ እንዴት ትበላለች" ብሎ ደስ ይለዋል። ኩላሊት ወይ ስኳር ከሆነ ውሃ ታበዛለች ሽንቷም ይበዛል። ጥርስ ከሆነ ደግሞ ሳህኑ ጋ ትሄዳለች፣ ታሸታለች፣ ትታው ትመለሳለች፣ "ቀበጠች" ይባላል እንጂ አፏን ከፍቶ የሚያይላት የለም። እነዚህን ቤት ቁጭ ብሎ መለየት አይቻልም፣ የደም ምርመራ ይፈልጋል፣ ታይሮይዱ ለምሳሌ ከታወቀ በኪኒን ይያዛል።

ዓይን በየቀኑ የሚያየውን ነገር ለውጡን አያይም፣ ፀጉሯም ይሸፍናል፣ ስለዚህ ሚዛን ነው የሚሻለው። አልቆምም ካለች አቅፋችኋት ተመዘኑና የራሳችሁን ኪሎ ቀንሱ፣ የሕፃን ሚዛን ካገኛችሁማ በጣም ጥሩ፣ ትንሿን ለውጥ ያሳያል። በወር አንዴ መዝግቡት። 400 ግራም ምን አላት ትሉ ይሆናል፣ 4 ኪሎ ከምትመዝን ድመት ላይ ግን 10 በመቶ ነው፣ 70 ኪሎ የነበረ ሰው ሳያስበው 7 ኪሎ ቢቀንስ ዝም ይላል እንዴ? በእጃችሁም ዳስሷት። ሆዷ ተንጠልጥሎ አከርካሪዋ ከሾለ ወፍራም መስላ ጡንቻዋ እያለቀ ነው ማለት ነው፣ ይሄንን ሚዛንም አይነግራችሁም።

ወፍራሟን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፣ በፍጹም አታስርቧት! ወፍራም ድመት ሁለት ሦስት ቀን ካልበላች የሰውነቷ ስብ ጉበቷ ላይ ይከማችና ሊገድላት ይችላል። መቀነስ ካለባት በሳምንት ከክብደቷ 1 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው ደህናው፣ ያውም ሐኪም እያያት።

ለከሳችው ደግሞ ከተመረመረች በኋላ ምግቡን ትንሽ ትንሽ አድርጎ ቶሎ ቶሎ መስጠት፣ እርጥብ ምግብ ማብዛት፣ ለብ ማድረግ (ማሽተቷ ስለሚደክም ሽታው ከሌለ ምግቡ ምግብ አይመስላትም)። ሳህኑን ከፍ ያለ ቦታ የምታስቀምጡ ካላችሁ አውርዱላት፣ መገጣጠሚያዋን እያመማት መዝለል ትታ ሊሆን ይችላል፣ ድመት ደግሞ ህመሟን ደብቃ ነው የምትኖረው። ሌላ ድመት ቤት ውስጥ ካለ ለብቻዋ ትብላ፣ ወጣቱ ቀምቷት እየከሳችም ይሆናል እኮ። የቤት ምግብ ስትሰጧት ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የነካው አይሁን፣ ደሟን ይጎዳል።

አዘጋጆች አንድ ነገር ልለምናችሁ፣ የእንስሳት ሐኪም አምጥታችሁ ስለ ኩላሊትና ፕሮቲን አስጽፉልን። ሰዉ "ለአሮጊት ድመት ኩላሊት ፕሮቲን አይሆንም" የሚል ነገር ይሰማና ሳያስመረምር በራሱ ይቀንስባታል፣ ድመት ግን ያለ ሥጋ የማትኖር ፍጥረት ናት፣ ኩላሊቷ ደህና የሆነችዋን በዚህ ምክንያት ጡንቻዋን ያስጨርሷታል። የምግብ ለውጡ መቼ እንደሚጀመር፣ ለማን እንደሚሆንና ለማን እንደማይሆን የሚያውቅ ሰው ይንገረን።

አንባቢያችሁ