ነገሩ በሩ ላይ አያልቅም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው እትማችሁ ስለ ብሔራዊ ፓርኮች የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። በቀን የሚገባው ጎብኚ ቁጥር በሩ ላይ ይወሰን፣ ከዚያ ችግሩ ይቀረፋል ይላል። ሐሳቡ አይከፋም። እኔ ግን ዓመታት በአስጎብኚነት የሠራሁ ሰው ነኝና ነገሩ በሩ ላይ አያልቅም ባይ ነኝ።

ዝናብ ሲጥል የእግር መንገዱ መሃሉ ይጨቀያል። የፊተኛው ሰው ጫማው እንዳይቆሽሽ ሳሩን ረገጥ አድርጎ ያልፋል። ተከታዩ ዱካውን ይዞ ይሄዳል። ያም ሲቦካ ሦስተኛው ወደ ዳር ይወጣል። ዝናቡ ሲያባራ አንድ ሰው በጠባቡ ያሳልፍ የነበረው መንገድ መኪና የሚያስኬድ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ውሃው መውረጃ ቢበጅለት፣ ጭቃው ላይ ድንጋይ ቢነጠፍ ኖሮ ሳሩን ማን ይረግጠው ነበር?

ተመራማሪዎችም ደጋግመው ያዩት ነገር አለ። ባልተነካ መሬት ላይ ዕፅዋቱን በብዛት የሚጎዱት የመጀመሪያዎቹ እግሮች ናቸው። ከዚያ በኋላ ሰው ቢጨመርም ተጨማሪው ጉዳት ያን ያህል አይደለም። ስለዚህ «መጨናነቁን እንቀንስ» ብሎ ጎብኚውን ወደ አዲስ አቅጣጫ መበተን ብዙ ጊዜ የተጎዳውን ቦታ ማብዛት ነው።

ቁጥር አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። የትና ለምን የሚለው ይቅደም ነው የምለው። ሩዋንዳ ውስጥ አንድን የተራራ ጎሪላ ቤተሰብ በቀን የሚያዩት 8 ጎብኚዎች ናቸው፣ ያውም ለ1 ሰዓት። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ለእኛ ተራ የሆነ ጉንፋን ጎሪላን ሊገድል ይችላል። አሜሪካ ዮሰሚቲ ውስጥ ሀፍ ዶም የሚባለው ቋጥኝ አለ። የመጨረሻውን ዳገት የሚወጡት የብረት ገመድ ይዘው ነው። ገመዱ ላይ ሰው ሲጨናነቅ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ፈቃድ መጠየቅ ተጀመረ፤ አሁን በቀን 300 ሰው ገደማ ነው የሚፈቀድለት። ገደቡ የተቀመጠው ለዚያ ለገመዱ ነው።

«ትኬቱን አስወድዱት፣ ሰው ራሱ ይቀንሳል» የሚሉም አሉ። ይቀንሳል እንጂ! የሚቀንሰው ግን ኪሱ የሳሳው ነው። ሀብታም ሲረግጠው ሳሩ አይሞትም ያለው ማነው? ከዚህስ ዕጣ ይሻላል። ሀፍ ዶምም፣ እዚያው አሜሪካ ዛይን ፓርክ ያለው ኤንጀልስ ላንዲንግ የሚባለው ገደላማ ቋጥኝም ፈቃድ የሚሰጥባቸው በዕጣ ነው። ዕጣው በኢንተርኔት ብቻ ከሆነ ደግሞ ሌላ በደል ነውና፣ ጥቂት ቦታ በአካል ለሚመጣ ሰው ቢተው ጥሩ ነው።

እንግዲህ አንድ ልመና አለኝ። የፓርክ ኃላፊ ስታነጋግሩ «በቀን ስንት ሰው ይገባል?» ብላችሁ አትለፉት። የመንገዱን ስፋት ማን እንደሚለካ፣ በየስንት ጊዜው እንደሚለካ፣ ሰፍቶ ከተገኘስ ምን እንደሚደረግ ጠይቁልኝ። መልሱንም እንዳለ አውጡት።

አንባቢያችሁ፣
የቀድሞ አስጎብኚ