ነጭ የደም ሴልሽ አነሰ ብላችሁ ከማስደንገጣችሁ በፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤ ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። ታናሽ እህቴ ሥራ ልትቀጠር ምርመራ ታዘዘላትና አንድ ክሊኒክ ደም ሰጠች። ሲቢሲው (የደም ሴሎች ቆጠራው) ወጣ። ኒውትሮፊል የሚባለው የነጭ የደም ሴል ዓይነት 1.2 (ማለትም 1200)፣ ጎኑ ላይ ወደ ታች የሚያሳይ ቀስት። "ነጭ የደም ሴልሽ አንሷል፣ ትልቅ ሆስፒታል ሂጂ" አሏት፤ በቃ፣ ሌላ ቃል የለም። ከአጂፕ እስከ ቤት እያለቀሰች መጣች። እናታችን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ሦስቴ ተመረመረች፣ ያው ነው። የአጥንት መቅኔ ናሙና ይወሰድ እስከ መባል ደረሰ። ልጅቷ እኮ ጉንፋን እንኳ እምብዛም አይዛትም!

በመጨረሻ አንድ ሐኪም "የድሮ ውጤት አላችሁ?" አለን። ከአራት ዓመት በፊት የተመረመረችበትን ወረቀት አገኘን፤ 1.3 ይላል። ያኔ ነው ስለ ደፊ ያስረዳን፤ የእሷም ነገር ከዚሁ ሳይሆን አይቀርም አለን።

ደፊ ቀይ የደም ሴል ላይ ያለ ፕሮቲን ነው። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1950 ከተለየበት ታካሚ የተወሰደ ነው። ነጭ የደም ሴሎችን "ወደዚህ ኑ" እያሉ የሚጠሩትን ኬሞካይን የሚባሉ ጥቃቅን መልእክተኛ ፕሮቲኖች ይይዛል። ይህን ፕሮቲን የሚያሠራው ጂን ክሮሞዞም 1 ላይ ነው። ብዙ አፍሪካውያን ላይ ጂኑ ራሱ ደህና ሆኖ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ አንዲት ፊደል ተቀይራለች፣ ቲ የነበረው ሲ ሆኗል፤ ስለዚህ ቀይ የደም ሴል ላይ ፕሮቲኑ አይወጣም። ይህን ከእናትም ከአባትም የወረሰ ሰው ደሙ ውስጥ የሚቆጠረው ኒውትሮፊል ያንሳል፣ ሰውየው ግን ጤነኛ ነው። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ወደ ሴሉ የሚገባው በዚሁ ፕሮቲን በኩል ስለሆነ ፕሮቲኑ የሌላቸው ሰዎች ከዚህ ወባ ጥበቃ ያገኛሉ። (አጎበራችሁን ግን እንዳትጥሉ፤ እዚሁ አገራችን ደፊ የሌላቸው ሰዎችም ቫይቫክስ ተገኝቶባቸዋል።)

እኔን የሚያንገበግበኝ ወረቀቱ ላይ ያለው "ኖርማል" ነው። ኒውትሮፊል ከ1500 (በእህቴ ወረቀት አጻጻፍ 1.5) በታች ዝቅተኛ ነው የሚለው መለኪያ በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ የተመሠረተ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ከአንድ ቤት አንዱ ደፊ ይኖረዋል፣ ሌላው አይኖረውም። በዚህ ቁጥር የተነሳ የካንሰር ታካሚ መድኃኒቱ ሊዘገይበት ወይም ሊቀነስበት ይችላል፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ላቦራቶሪዎቻችን ከማሽኑ ጋር የመጣውን መለኪያ ትተው በራሳችን ሰው ላይ የተጠና ይጠቀሙ። ሐኪሞችም ከማስፈራራታችሁ በፊት የድሮ ውጤት ጠይቁ፣ "ቶሎ ቶሎ ያምሻል ወይ?" በሉ። የዝግጅት ክፍሉም እባካችሁ አንድ የደም ሐኪም ጋብዛችሁ ይህን በሰፊው አስረዱልን፤ ሰፈራችን ውስጥ ብቻ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዘው የተጨነቁ ሁለት ሰዎች አውቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ ከጅማ