የስምንቱ ሲኒ ጉዳይ

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ግን አኩርፋለች፤ ያኮረፈችውም በአንቺ ነው። «ስድስት ብቻ ካገኘች አትለይም ማለት ነው» ብለሽ የላክሽውን መልእክት ጮክ ብዬ ያነበብኩላት እኔ ነኝና ከጥፋቱ ግማሹን እወስዳለሁ።

ወንድምሽ በስልክ የነገረሽ ጎደሎ ስለሆነ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። እናትሽ በሙቀጫ የተወቀጠን ቡና በማሽን ከተፈጨው እለያለሁ ስትል እንደኖረች ታውቂያለሽ። አንድ ሲኒ ሰጥተን ብታውቅ የሚነግረን ነገር የለም፤ ሳንቲም የሚወረውር ሰውም ግማሽ ጊዜ ያገኛል። ስለዚህ ረከቦቱ ላይ ስምንት ሲኒ ደረደርን፣ አራት የሙቀጫ፣ አራት የማሽን። አራት አራት መሆናቸውን ነግረናታል። ተራቸውን በዕጣ አወጣን። ወጥ ቤት ሆኖ የቀዳው ወንድምሽ ነው፤ እኔ ባውቅ ኖሮ ፊቴ ይናገርብኝ ነበር። አተላው እንዳያሳብቅም ዓይኗን በነጠላ ሸፈንን።

ዘዴው የእኔ አይደለም። እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሮትሃምስቴድ በተባለ የግብርና ምርምር ጣቢያ ሲሠራ፣ ሙሪየል ብሪስቶል የምትባል ባልደረባው ወተት ቀድሞ የገባበትን ሻይ ኋላ ከተጨመረበት እለያለሁ አለችው ይባላል። እሱም እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን የመሰለ ፈተና በስምንት ስኒ ሻይ አስረዳ። እኛ ሻዩን በቡና ተካነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ከስምንት ሲኒ አራት መምረጫው መንገድ 70 ነው። በጭፍን የሚመርጥ ሰው አራቱንም የማግኘት ዕድሉ ከ70 አንድ ብቻ ነው። እናትሽ ከአራቱ የሙቀጫ ሲኒዎች ሦስቱን አግኝታ አንዱን ከማሽን ቡና ጋር አቀያየረች፤ ስድስት ያገኘችው በዚህ ነው። ሦስት የሚገኝባቸው መንገዶች 16 ናቸው፤ አራቱም የሚገኙበት አንዱ ሲጨመር 17። ከ70 ውስጥ 17 ማለት 24 በመቶ ገደማ ነው። ምላሳቸው ምንም የማይለይ ሰዎች ብንሰበስብ ከአራት ሰው አንዱ ያህል እንደ እናትሽ ወይም ከእሷ የተሻለ ያገኛል ማለት ነው።

ስለዚህ አልረታችም። አንቺ ግን ከዚህ ተነስተሽ «አትለይም» አልሽ፤ እዚህ ላይ አልስማማም። ስምንት ሲኒ በጣም ጥቂት ነው፤ አንዲት ስህተት ብቻ ማስረጃውን ሁሉ ይዛው ትሄዳለች። በእርግጥ የሚለይ ሰውም ቢሆን አንዱ ሲኒ ከቀዘቀዘበት ሊሳሳት ይችላል። (ስድስተኛው ቀዝቅዞ ነበር ትላለች። ይህን ግን ከውጤቱ በፊት ብትናገረው ይሻል ነበር።) ወንድምሽ ደግሞ «የምትገምት የመሆኗ ዕድል 24 በመቶ ነው» አለ፤ ይህም ልክ አይደለም። ሲዘንብ መሬት መርጠቡና መሬት ረጥቦ ሲታይ ዘንቦ መሆኑ አንድ አይደሉም። ምናልባት ጎረቤት ውኃ ደፍቶ ይሆናል። 24 በመቶው «ብትገምት ኖሮ» ከሚለው ተነስቶ የመጣ ቁጥር ነው።

የእኔን ጥፋትም ልናዘዝ። የሙቀጫውን ቡና በአሮጌው ጀበና፣ የማሽኑን በአዲሱ አፈላን። አዲሱ ገና አፈር አፈር ይላል። እናትሽ ስምንቱንም ብታገኝ ኖሮ የለየችው አወቃቀጡን ይሁን ጀበናውን በምን እናውቅ ነበር? ይህን የነገረችኝም ራሷ ናት፣ ያውም በኩርፊያዋ መሐል። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩት እኔ አላየሁትም።

እንድገመው ብላለች፤ ግን እስክትረታ ድረስ እየደጋገምን የረታችበትን ቀን ብቻ አንቆጥርም። አዲሱን ፈተና ለብቻው እንቁጠረው፤ ደንቡንም ከወዲሁ ጽፈን ፍሪጁ ላይ ለጥፈነዋል። አሥራ ሁለት ሲኒ፣ ስድስት ስድስት ይሆናል። መምረጫው መንገድ 924 ነው፤ ከስድስቱ አምስት ወይም ከዚያ በላይ የሚገኝባቸው 37 ናቸው፣ 4 በመቶ ገደማ። በግምት ይህን ያህል ማግኘት ብርቅ ስለሆነ፣ አንዴ ብትስት እንኳ መርታት ትችላለች። ሁሉም ከአቦሉ ብቻ ይቀዳል፤ የሁለቱም ዓይነት ቡና በሁለቱም ጀበና እኩል እኩል ይፈላል።

ለገና ስትመጪ ቀጂዋ አንቺ ነሽ፤ ወንድምሽ ሚስጥር አይችልም። ሲኒያችን አሥር ነው፤ ሁለት ከጎረቤት እንዳንዋስ ቅርጹን በከንፈሯ ታውቀዋለች። ስለዚህ ከመርካቶ አንድ ዓይነት የሆኑ አሥራ ሁለት ሲኒዎች ግዢ፤ ገንዘቡን እልክልሻለሁ።

አባትሽ